ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ይዤ

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 3
ሠላሳ አንድ ሕመምተኛ። ሻዬን ሦስቴ አሞቅሁት፣ ሦስቴም ቀዘቀዘ።
ከሰዓት ዴንዚል መጣ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ክሊኒኩን ጥሎብኝ ከተማ የወረደው የድሮ ሸሪኬ። ሦስቱ የከተማ ክሊኒኮች፣ አንዱ የእሱ፣ ኅብረት ሊመሠርቱ ነው አለኝ። መንግሥት በሰው ቁጥር ገንዘብ ይሰጣል፣ በዚያ የሕመምተኞችን ክኒን የሚያጣራ የመድኃኒት ባለሙያ በጋራ ይቀጠራል። ግን ሠላሳ ሺህ ሰው መሙላት አለበት። እነሱ ሃያ ሰባት ሺህ ናቸው። እኔ ደግሞ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ...
ለካ የፈለገኝ ለዚህ ነው። አስብበታለሁ አልኩት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 8
ማሰብም አልቻልኩ። ገንዘቡ በእኔም ሰዎች ስም ይመጣል፣ ባለሙያዋ ግን ከተማ ትቀመጣለች። አዛውንቶቼ በቀን ሁለቴ በሚያልፍ አውቶቡስ ሊሄዱ? ብቀርስ? ብቻዬን እስከ መቼ?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25
ወይዘሮ ትሬጊር ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የግፊቱ ክኒንና የእንቅልፉ ተደራርበው ራሳቸውን አዙሯቸዋል ይላል የሆስፒታሉ ደብዳቤ።
ሁለቱንም ያዘዝኩት እኔ። ቸኩዬ ነበር። መቼ ነው ያልቸኮልኩት?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 26
ሆስፒታል ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። «የሌሎቻችንንስ መድኃኒት ማን ያይልሻል፣ ልጄ?» አሉኝ።


ማክሰኞ፣ ሜይ 14
የኅብረቱ መፈረሚያ ቀን ነገ ያበቃል። ከተማ ወረድኩ። ባለሙያዋ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እኔ ጋ ካልዋለች አልፈርምም አልኩ። በሰው ቁጥር ከሆነ የሚደርስሽ ግማሽ ቀን ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው... ግን አልተነሳሁም።
ዴንዚል፣ «የጎደለውን ከእኔ ድርሻ ስጧት» አለ። ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ «ያኔ እንደዚያ ጥዬሽ መሄድ አልነበረብኝም።»
ፈረምኩ። አመስግኜዋለሁ? አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10
ባለሙያዋ ኒላም ዛሬ ጀመረች። ዕቃ ቤቱን አጽድተን አስገባናት። የልጄ እኩያ ናት። የሕመምተኞቹን ዝርዝር ሰጥቻት ጠዋቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ አረፈድኩ።
ከምሳ በፊት አንኳኳች። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ኩላሊቱ እየደከመ፣ የማይስማማውን ክኒን ሁለት ዓመት ሲውጥ ኖሯል። ደውላ አስቁማዋለች።
«ዶክተር... ይሄን ማን እንዳዘዘው ያውቃሉ?»
ታውቃለች። ስሜ ከታች አለ።
«እኔ ነኝ» አልኳት። ወንበር ሳብኩላት። «ሌላስ?»