በአርባ አንደኛዋ ሰከንድ ላይ የነበረች ማስታወሻ

ለተከበሩ የፍልሚያ ጌም ቅጂዎች መመልከቻና ማስታወሻ መጻፊያ ሶፍትዌር ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም የደንበኞችን ማስታወሻ እንዲያሻሽል የሾማችሁት ያ ትጉህ ፕሮግራም፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ተስፋ በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ የጫማዬን ማሰሪያ አስራለሁ። ሌላ የሚሰማኝ ነገር ስለሌለ ስለ ጤንነቴ ከዚህ በላይ አላደክምዎትም።

በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ሆኜ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። ፀጉሬ የሸበተው በሰው ጽሑፍ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ሳደርግ ነው። ስለዚህ ምርታችሁን ገና ሳየው ገባኝ። ሁለት ሰዎች በጌም ሲፋለሙ የተቀዳውን ግጥሚያ ይከፍቱታል፣ የፈለጉት ሰከንድ ላይ ያቆሙታል፣ «እዚህ ላይ እንዲህ ቢሆን» ብለው ይጽፋሉ፤ የተጫወተውም ሰው አንብቦ ከሥሩ ይመልሳል። የእኔው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የእናንተ ወረቀት መራገጡ ነው።

የተጫወተችው ልጄ ናት። የሒሳብ ትምህርቷን አቋርጣ «ሙያዬ ጌም ነው» ያለችኝ ቀን ጆይስቲኳን በመስኮት ወረወርኩት። እሷም ሌላ ከተማ ገባች፣ ስልኬንም ዘጋችብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የምታወራው ከእናቷ ጋር ብቻ ነበር። ግጥሚያዎቿን «ቁንጫ» በሚል ስም እናንተ ዘንድ ለሁሉም ክፍት አድርጋ እንደምታስቀምጥ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ ስሙንም ያወጣችላት እሷው ነበረች፣ ልጅቷ በሕፃንነቷ አንድ ቦታ አትቀመጥም ነበርና። ተመዘገብኩና «እዚህ ላይ ተቻኩለሻል» ብዬ ጻፍኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን «አውቃለሁ» የሚል መልስ መጣ። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ስለ ፍልሚያ አንድም ነገር ሳላውቅ እንደ ባለሙያ ጢሜን ዳበስኩ።

በአሥራ አራት ወር ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻ ተጻጽፈናል። መጀመሪያ ስለ ምትና ስለ መከላከል ነበር፤ ኋላ ላይ በሁለት ዙሮች መካከል ባለችው አጭር ዕረፍት ላይ «ምሳ በልተሻል?» ማለት ጀመርኩ። «በልቻለሁ፤ አንተ መድኃኒትህን ዋጥክ?» ትለኛለች። የስልኩን ነገር ግን እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። በነዚህ ወራት ስላደረጋችሁልን ነገር ያለኝ ምስጋና የእውነት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ከሚከተሉት ምስጋናዎች ጋር እንዳያደባልቁብኝ እለምንዎታለሁ።

፩ኛ. ከጨዋታው ጋር የማይገናኙ ማስታወሻዎችን በራሱ ለይቶ የሚያሻሽል አገልግሎት፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ በመጨረሻው አፕዴት ስለጨመራችሁልን አመሰግናለሁ። አገልግሎቱ ከተጀመረ በአራተኛው ቀን ሐኪሞች ባለቤቴ ከሳምንታት በላይ እንደማትቆይ ነገሩኝ። ልጃችን ለትልቅ ውድድር እየተዘጋጀች ስለነበር ባለቤቴ በስልክ «ጉንፋን ነው፣ አትጨነቂ» ትላት ነበር። ለእኔ የቀረኝ መንገድ የእናንተው ነበር። የመጨረሻ ግጥሚያዋን ከፍቼ፣ አርባ አንደኛው ሰከንድ ላይ፣ «እናትሽ በጠና ታማለች። ብዙ ጊዜ የላትም። ቶሎ ነይ» ብዬ ጻፍኩ።

፪ኛ. ወዲያውኑ በአረንጓዴ ቀለም «ማስታወሻዎ ታርሞ ተልኳል» ስላላችሁኝም አመሰግናለሁ። በእኛ ማተሚያ ቤት «ታርሟል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማለት ማሽኑ ይነሳ ማለት ነው፤ ማንም ተመልሶ አያነበውም። እኔም አላነበብኩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ማኅተም የመታሁት እኔ ራሴ ስለሆንኩ፣ ለዚህኛው ጥፋት ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ ተርፎ ለእናንተ የሚሆን ካለ ግን አልከለክልም።

፫ኛ. በማግሥቱ የልጄ መልስ ብቻዋን ተነጥላ በስልኬ መስታወት ላይ ብቅ እንድትል ስላመቻቻችሁ። «እሺ፣ ከውድድሩ በኋላ» ትላለች። እናትሽ ልትሞት ነው ለተባለች ልጅ ይህ ምን ዓይነት መልስ ነው ብዬ ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት። ለባለቤቴ ግን «ከውድድሩ በኋላ ትመጣለች» አልኳት። እሷም «አየህ፣ ጨርሳ ነው የምትመጣው፣ ጎበዝ» አለችኝ፤ ከዚያም ወንበሩን ወደ አልጋዋ አስጠጋልኝ አለች፣ ልጅቷ ስትመጣ የምትቀመጥበት። ወንበሩ እዚያ ዘጠኝ ቀን ቆመ። ውድድሩ የተጠናቀቀው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ሁለተኛ ማስታወሻ አልጻፍኩም፣ ተቀይሜ ነበር።

፬ኛ. ለጥራታችሁ። ልጄ ጎረቤት ደውሎላት ለእናቷ ቀብር መጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?» የሚል ነበር። ነግሬሻለሁ፣ አርባ አንደኛው ሰከንድ ላይ፣ አልኳት። ላፕቶፗን ከፈተች። በእኔ ስም፣ በእኔ ቀን፣ «እዚህ ላይ ጎንበስ ብሎ መከላከልን በደንብ መለማመድ ያስፈልጋል» ይላል። ድምፅዋን አሰምታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዐረፍተ ነገሩ ምንም ስሕተት የለበትም፣ ነጥቡ እንኳ በቦታው ነው። ላፕቶፑን ዘጋችና ያንን ወንበር ለረጅም ጊዜ አየችው። በሦስተኛው ቀን ሄደች። ከዚያ ወዲህ «ቁንጫ» ግጥሚያ ከፍታ አታውቅም።

፭ኛ. ለጻፍኳቸው ስድስት ደብዳቤዎች ስለሰጣችሁኝ ስድስት ፈጣን መልሶች። በአምስቱ ስለ ፍልሚያ ስልት ያለኝ ጉጉት እንዳስደሰታችሁ ገልጻችሁ፣ ለአገልግሎታችሁ ስንት ኮከብ እንደምሰጥ ጠይቃችኋል። ስድስተኛው ግን ፍሬ ነገር ነበረው፤ የማስታወሻ የመጀመሪያው ቅጂ እናንተ ዘንድ ለዘጠና ቀን ተቀምጦ እንደሚጠፋ፣ ቅጂውን አውጥቶ መስጠት ግን የጸሐፊውን ምስጢር መንካት ስለሚሆን ድርጅታችሁ እንደማይፈቅደው በግልጽ ያስረዳል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ምስጢሬን ከእኔ ስለጠበቃችሁልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም።

ዛሬ ሰማንያ ሦስተኛው ቀን ነው።

ክቡርነትዎ፣ ካሳ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አይጻፍልኝ፤ ይቅርታውንም ያ ፕሮግራም እንዳያሻሽለው እሰጋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚያን ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ከነቀናቸው፣ ከነሰዓታቸው፣ በልጄ ስም ላኩላት። ለእኔ አያስፈልጉኝም፣ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እሷ ግን አባቷ የእናቷን ሕመም እንደደበቀባት እያመነች የምትኖር ከሆነ፣ እኔ ደግሞ ስለዚህ ነገር ምንም ሳይሰማኝ ጫማዬን እያሰርኩ የምውል ከሆነ፣ ለቤታችን የቀረው ብቸኛ ማስረጃ እናንተ መጋዘን ያለው ነው። ሰባት ቀን አላችሁ። በእኛ ሙያ ሰባት ቀን ለሦስት ዐረፍተ ነገር እጅግ ሰፊ ጊዜ ነው።

እጅዎ የጀመረውን ሁሉ እስኪያሻሽል ዕድሜና ብርታት እየተመኘሁ፣ አንዲት ቃል ሳልሰርዝ ደብዳቤዎቻችሁን ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩ፣

የማይሻሻለው ደንበኛዎ፣
የ«ቁንጫ» አባት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ለሙከራ ያህል በዚያችው አርባ አንደኛ ሰከንድ ላይ «ልጄ፣ ጽፌላቸዋለሁ፤ መልሳቸውን እየጠበቅኩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራማችሁ «እዚህ ላይ ብዙ መጠበቅ ዕድል ያሳልፋል» ብሎ አሻሽሎታል። ይህኛው እርማት ትክክል ስለሆነ ሳልነካው ትቼዋለሁ፤ በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ቢደርሰኝ ኖሮ ግን አምስት ኮከብ እሰጣችሁ ነበር።