የአባቴ የሥራ ጃኬት

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ሳሉ ከብርዱ ጋር ተጋግዞ አላስቸገረህም? ደረጃውንስ ሳታርፍ ትወጣዋለህ? እኔ ደህና ነኝ። የሼርብሩክ ከተማ በረዶ ብቻ ሆናለች፤ እኔን ግን ደስታዬ አሙቆኛል።

አስቀድሜ ልናዘዝ። ጎረቤታችንን አርማንን «ጃኬቴን ሰርቆኛል» ብለህ ሰላምታ እንደነፈግኸው እማዬ ነገረችኝ። እባክህ ታረቀው። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለገና መጥቼ ስመለስ ከጋራዡ አውርጄ፣ በእማዬ ሽርጥ ጠቅልዬ፣ በሁለት ፌስታል አስሬ ይዤው ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድናችን አራት ዓመት የደከመበት መሣሪያ የሩዝ ፍሬ ቢያክል ነው። ውስጡ ከፀጉር እጅግ የቀጠነች ምላስ ትርገበገባለች። አንተ ስትቆፍረው የኖርከው፣ ሳንባ የሚበላው የአስቤስቶስ ብናኝ ሲጣበቅባት መርገብገቧ ይዘገያል፤ ብናኙ መኖሩን በዚያ እናውቃለን። ነገር ግን የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሰዎች መጥተው «የተገዛ ንጹሕ ናሙና አታሳዩን፤ ዘይትና ላብ የነካውን የእኛን አቧራ ለዩልን» አሉ። አለቃችን ፕሮፌሰር ላፍላም «ከየት ይመጣል?» ብላ ስትጠይቅ እኔ አቀረቀርኩ።

ለምን መሰለህ? የሥራችን ክፍል አንዲት ብናኝ እንኳ አይገባበትም፤ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰን ነው የምንገባው። በመጀመሪያው ቀን ሬሚ የሚባለው ባልደረባዬ «የማዕድን አገር ልጅ! አንቺማ አንዴ ካስነጠስሽ የዓመት ልፋታችን ገደል ገባ!» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም «አባቴ ሚስማር ሻጭ ነው» አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ ሚስማር ሻጭ አድርጌህ ኖርኩ። ይቅር በለኝ።

ጃኬቱን ያመጣሁ ዕለት የደህንነት ኃላፊዋ «አብደሻል እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ፤ በታሸገ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ካልሆነ አይከፈትም አለች። ላፍላም የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «የአባቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድጓድ ወርዶበታል» አልኳት።  ሬሚ «ታዲያ ሚስማር ሻጩስ?» አለ። «ሞተ፤ አሁን ቀበርኩት» አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። ሲመሽ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ።

አባዬ፣ ኮሌታውን ስናራግፍ ምላሷ ዘገየች! ደገምነው፤ ዘገየች። በሳምንቱ በማኅበሩ ሰዎች ፊት አደረግነው። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው «እኛ ዕድሜ ልካችንን ያላየነውን ይቺ ቁንጫ አየችው?» አሉ። ላፍላም «የማዕድን ሠራተኛው ልጅ ትናገር» ብላ ወደ ፊት ገፋችኝ። በአገራችን አነጋገር፣ ምንም ሳላሳምር ተናገርኩ። ስምህን ጠርቼ፣ የሳንባህንም ነገር ሳልደብቅ። ቆመው አጨበጨቡልህ። እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ አላውቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጃኬቱን የጠቀለልኩበትን፣ እማዬ የሥራ ልብስህን ስታጥብ የምትታጠቀውን ሽርጥም፣ ጃኬቱ ያልነካውን የኪሱን ውስጥ፣ ለካነው። የሱን ቁጥር እዚህ አልጽፍም። ሐሙስ መጥቼ እማዬን ሳንባዋን ላስመረምር ወደ ከተማ ይዣት እሄዳለሁ፤ አንተ ግን «ካፖርት ልትገዛልሽ ነው» በላት። እስከዚያ የጋራዡን በር ዝጋ፤ ልብስህንም እንዳታጥብ፣ ተቆጣት። ይህን ደብዳቤ ስታነብላት እዚህ ጋ ስትደርስ ዝለለው።

ትንፋሽህን ያርዝምልኝ። ሁለታችሁንም አንድ ላይ ያቆይልኝ።

የማዕድን ሠራተኛው ልጅ፣
ልጅህ