የዘጠኝ ሰዓት ቅጠሎች

ግንቦት 4
ዛሬ ሁለት መቶ አሥር ፎቶ። ሁሉም ድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረ ቅጠል። ስም፣ ቁጥር፣ ላይኛው ንብርብር ወይስ ታችኛው... ቀጣይ። ዓይኔ ያቃጥለኛል። ቴፒ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ መብራት ሦስቴ ሄደ።

ንብርብሩን የማውቀው ከመስክ ደብተሩ ነው። የትኛው በስንት ሰዓት እንደወጣ ተጽፏል፣ ካሜራውም ሰዓቱን ይዟል፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ባይለይም። ማጋጠም ብቻ። ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርኩት?

ግንቦት 7
ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ይሄይስ ሳቁ! አንድ ሰፊ ቅጠል ታችኛው፣ አሮጌው ንብርብር ውስጥ ተገኘ። "ሐፍሳ፣ እስከዛሬ ከምናስበው በጣም ቀድሞ እዚህ ነበር ማለት ነው።" ስለ ቅጠሉ የሚጽፉትን ጽሑፍ በሚቀጥለው ዓርብ ለመጽሔት ይልካሉ። ሰኔ ላይ የሚያልቀውን ውሌንም እናራዝማለን አሉ። አማን ከተማ ላለችው እህቴ ለዘይቱና ደውዬ ነገርኳት። ደስ ብሎኛል... መሰለኝ። ደክሞኛል።

ግንቦት 11
የዚያን ሰፊ ቅጠል ፎቶ ሳጎላው ድንጋዩ ሥር ያለው ሣር ላይ ጤዛ አየሁ። በዘጠኝ ሰዓት የምን ጤዛ? ቁፋሮውን የመሩት ጋሼ ፈንታው ጋ ደወልኩ። ጡረታ ወጥተው ሚዛን ከተማ ይኖራሉ።

"ዘንቦ ነበር እንዴ?"

"ኧረ ፀሐይ ነበር። ላይኛውን ጠዋት በሦስት ሰዓት አወጣን፣ ታችኛውን ከምሳ በኋላ በዘጠኝ።"

"ጤዛ ያለበትን ፎቶ ግን ካሜራው ዘጠኝ ነው የሚለው።"

"የፈረንጅ ሰዓት ነዋ፣ ልጄ።"

ክው አልኩ። ደብተሩን ሁለት ሰዎች ናቸው የጻፉት፣ ምሕረትና ጋሼ ፈንታው። መጀመሪያ የሠራሁት የምሕረትን ገጾች ነበር፣ እሷ በፈረንጅ ሰዓት ስለጻፈች ልክ ገጠመ። የጋሼ ፈንታውንም በዚያው ቀጠልኩ። እሳቸው የጻፉት በኛ ሰዓት። ዘጠኝ መቶ ፎቶ ተገለባብጧል። ቅጠሉም የላይኛው ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም።

ግንቦት 12
ዝም ብልስ? ጤዛው ተከርክሞ ይወጣል... ማን ያውቃል? ለዘይቱና ምን እላታለሁ? ዛሬ አንድ ፎቶ አልሠራሁም። ፈራሁ።

ግንቦት 13
ለዶክተር ይሄይስ ነገርኳቸው። ፎቶውን ብዙ አዩት።

"አሮጌው ንብርብር ውስጥ ስድስት ዓመት ፈልጌዋለሁ" አሉ። ይቅርታ ልል ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጤዛውን ቅዳሜ አይቼው ነበር፣ ሐፍሳ።"

ይህን ሲሉ ወደኔ አላዩም።

ዓርብ የሚላክ ነገር የለም። ስለ ውሉ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አላነሱት። ወንበራቸውን ጎትተው ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጡ፣ ኮምፒውተሩን ወደራሳቸው አዞሩ፣ ደብተሩን የጋሼ ፈንታው ገጽ ላይ ገልጠው ሰጡኝ።

"አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልጻፍ።"

እስከ ማታ ከዘጠኝ መቶው አርባ ሠራን።