መሬት ላይ የተቀመጠው ሻማ

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ የፎቁን ደረጃ መውጣት ቻለ? እኔ ከዚህች ከጀርባዬ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሁለት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀደድኩት። ልጅሽ የፊታችን ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ወደዚያ ተራራ እንደምትወጣ፣ አባቷ በመጨረሻ በተኛበት ቦታም ድንኳን ተክላ እንደምታድር ባትጽፊልኝ ኖሮ ይኼንንም መቅደዴ አይቀርም ነበር።

የግፊት መድኃኒቱን ሻንጣው ውስጥ ሳልከትለት ቀረሁ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ብለሻል። ዓመት ሙሉ ፓኬቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አላነሳሁትም ብለሻል። አንሺው እትዬ። ያን ቀን የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽ፤ እስካሁን የነገርኩሽ ጎዶሎ ነበር።

ተራራው ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ድስት ይመስላል። ጥንት እሳት የተፋ ነው ይሉታል፤ አሁን እስከ አፉ ድረስ ደን ለብሷል። ከግርጌው ያለው የደን ጠባቂ ስማችንን መዝግቦ አንድ ሻማ ሰጠን። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት አብርታችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ከጠፋ ቦታ ቀይሩ አለን። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ጋሼ፣ ያው ባልሽን ታውቂው የለ፣ ልደቴ ገና ነው ብሎት ሻማውን ለእኔ አቀበለኝ። መንገዱን ሙሉ ደግሞ ለጀርባዬ ብዬ በተሸከምኳት ታጣፊ አልጋ ሲስቅ ነበር። በሽተኛን አልጋ ይሸከመዋል እንጂ በሽተኛ አልጋ ይሸከማል ወይ እያለ።

ጠርዙ ላይ ስንደርስ ነፋሱ አላስቆም አለን። ወደ ውስጥ ጥቂት ወርደን አንድ ጎድጓዳ አገኘን፤ ቅጠል አይንቀሳቀስበትም። የምንፈልገውም እሱን ነበር። ሳሩ ላይ ሁለት ወፎችና አንዲት ጥንቸል ሞተው አየሁ። ቁስል የላቸውም፤ ዝንብም አልወረራቸውም። ጋሼ ሳያያቸው በጫማዬ ወደ ቁጥቋጦው ገፋኋቸው። ደክሞኝ ነበር።

ድንኳኑን ከተከልን በኋላ ጋሼ ጭራሮ ሊለቅም ሄደ። ሻማው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እጄ ላይ ሳለ ደህና ይነድዳል፤ መሬት ሳስቀምጠው ጠፋ። እንደገና ለኮስኩት፤ ጠፋ። ጋሼ ጭራሮውን ታቅፎ ሲመለስ ሻማው እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ድንኳኑን ነቅሎ ያን ዳገት እንደገና መውጣት ታየኝ።

«ነፋስ ነው የሚያጠፋው» አልኩት።

«አንተ ካልክ ይሁን» አለኝ።

እኔ አልጋዬ ላይ፣ እሱ መሬት ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተኛን። ሲነጋ ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ፣ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆኖብኝ ነቃሁ። ጋሼ በጎኑ እንደተኛ ነበር፤ ፊቱ ላይ አንዳች ጭንቀት የለም። ሐኪሙ ልብ ነው ብሎ ጻፈ። እኔም ልብ ነው አልኩ። አንቺ በመድኃኒቱ ራስሽን ስትወቅሺ አጠገብሽ ተቀምጬ ሰማሁ፣ ዝምም አልኩ።

ከወር በኋላ ብቻዬን ሄጄ ጠባቂውን ስለ ሻማው ጠየቅኩት። ከመሬቱ የሚወጣ ሽታ የሌለው ክፉ አየር አለ፣ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ዝቅ ካለ ቦታ ይተኛል አለኝ። እስከ ምን ድረስ ይሞላል አልኩት። እጁን ከጉልበቱ ዝቅ አድርጎ አሳየኝ። ቤቴ ስገባ አልጋዋን ለካኋት፤ እጁ ካሳየኝ በጥቂቱ ከፍ ትላለች።

ልጅሽን አትሂጂ ብትያት አትሰማሽም፤ የአባቷ ልጅ ናት። ስለዚህ ይኼን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢላት። ነፋሱ ቢያንገላታቸውም ጠርዙ ላይ ይትከሉ። ሻማውን እሷው ራሷ ታስቀምጠው። ከጠፋ፣ ነፋስ ነው የሚላትን ሰው አትመን። እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነፋስ የለም።

ልጅሽን በሰላም ይመልስልሽ፤ ልብሽን ያሳርፍልሽ። መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምም።

ከፈቀድሽልኝ፣
ታናሽ ወንድምሽ