ለመንታው አባት

ኅዳር 9 ቀን

ለምወድህና ለማከብርህ ባለቤቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ባለፈው ወር የነገርኩህን ለማረም ነው። ፅንሶቹ ሁለት ናቸው ብዬህ ነበር፤ አሁን አንድ ነው።

ማክሰኞ ለቅድመ ወሊድ ክትትል በሄድኩበት ጊዜ ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዴ ላይ አንድ ቦታ ደጋግማ አንሸራተተች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ይኸኛው ደህና ነው፤ ልቡ ትር ትር ይላል። የወዲያኛው ግን ማደጉን አቁሟል» አለችኝ። እንደ ልማዴ ጥያቄ አበዛሁባት። ከባድ ዕቃ አንስቼ ይሆን? ሥራ ላይ የቤተ መጻሕፍቱን መሰላል መውጣቴስ? «ምንም አላጠፋሽም፤ መንታ ሲፀነስ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል» አለች። መልሷን ከመጻሕፍት ጋር አመሳከርኩት፤ ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ግን እንዳሰብኩት አላጽናናኝም።

በስልክ ያልነገርኩህ ልሸሽግህ ብዬ አይደለም። ሐሙስ ከድልድዩ ሥራ ቦታ ስትደውል ባልደረቦችህ ከኋላህ «የመንታው አባት! አንዱን ለእኛ አበድረን እንጂ!» እያሉ ሲስቁ፣ አንተም አብረሃቸው ስትስቅ ሰማሁ። ያን ሳቅ በሰው ፊት ልነጥቅህ አልፈለግሁም።

እናትህ ገና አልሰሙም። የስፌት መኪናቸው ከጠዋት ጀምሮ ይንጣጣል፤ ሁሉን ነገር በጥንድ በጥንድ ይሰፋሉ። ቀደም ሲል፣ «ገና ነው፣ ይቆየን» ብላቸው፣ «ዝም በይ አንቺ! አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የእኔ ነው፤ ድርሻዬን አልለቅም» ብለው አስቀውኝ ነበር። ትናንት ሁለት ቆብ አስይዘውኝ፣ «የቱ ያምራል?» አሉኝ። «ሁለቱም» አልኩ። ሐሰት አልተናገርኩም፤ ቤቴ ስገባ ግን የዋሸሁ ያህል ተሰማኝ።

እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሥራዬም አልቀረሁም። ልጃችን ሎሚ አክሏል፤ ጣቶችም አውጥቷል። ደስ ሲለኝ ሌላኛውን የረሳሁት ይመስለኛል፤ ሳዝን ደግሞ ይኸኛውን የበደልኩት።

ባለህበት ጤናህ አይጓደል፤ እጅህ የያዘው ሁሉ ይቅናልህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ ደብዳቤው እስከዚያ ይደርስሃልና ቅዳሜ ኅዳር 23፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሰው ከሌለበት ቦታ ሆነህ ወደ እናትህ ቤት ደውል። እዚያው እጠብቅሃለሁ። የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ አንተ ምንም ማለት አይጠበቅብህም፤ ብቻ እስክጨርስ ድረስ ስልኩን አትዝጋው።

ባለቤትህ