ሁለት ግሪፊዞች አልነበሩም

ውድ ዋረን፣

ስድስት ወር ዝም ብሎ ከርሞ፣ ዛሬ ተነስቶ ስለ ጤናና ስለ አየሩ መጠየቅ ያሳፍራል። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤዬን ብትቀደው አልቀየምህም። ባለፈው መስከረም የጻፍኩልህ ውሸት ነው። “ሞርቪድ በምትባለው መርከብ ላይ ግሪፊዝ ኦዌን የሚባሉ ሁለት መርከበኞች ነበሩ፤ አንደኛው ያንተ ቅድመ አያት ነው፣ ሌላኛው የእኔ” ብዬህ ነበር። ሁለት አልነበሩም፣ አንድ ነው። እኔና አንተ የአንድ ሰው የልጅ ልጅ ልጆች ነን።

ያመንከኝ ሞኝ ስለሆንክ አይደለም። በእኛ መንደር አንድ ዓይነት ስም እንደ ጠጠር ሞልቷል። ሰው የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በቤቱ ነው፣ ካፒቴን ከሆነም በመርከቡ። በጸሎት ቤቱ ግቢ ብቻ ሰባት ግሪፊዝ ኦዌን ተኝተዋል። አራት ዓመት ሙሉ፣ አንተ ከአውስትራሊያ፣ እኔ ከዌልስ ጫፍ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ስንለይ ኖረናል። ሦስት ወር የለፋንበት ሰው ባሕር ረግጦ የማያውቅ አሳማ ነጋዴ ሆኖ ሲገኝ እንዴት እንደሳቅን ታስታውሳለህ? ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመን ነበር። እኔም መዋሸት ባስፈለገኝ ጊዜ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም።

እነዚያ አራት ዓመታት ግን በሕይወቴ ደስ የሚሉ ነበሩ። ያንተ መልእክት የሚደርሰኝ ጠዋት ነው። የአባቴን የወረቀት ሳጥን መስኮቱ ሥር ከፍቼ እቀመጣለሁ። ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ መጀመሪያ ወደቡን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ በመጨረሻ የራሴን አጥር ይውጠዋል። አንዳንዴ ከመዝገቡ ቀና ስል፣ ግሪፊዝ ሻንጣውን በትከሻው አድርጎ በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ ያየሁት ይመስለኛል። ወደ መርከቡ እየወረደ ይሁን ከመርከቡ እየመጣ መለየት አልችልም። አልፈራውም፤ እንዲያውም ገብተህ ሻይ ጠጣ ልለው ይቃጣኛል። ከዚያ ጉሙ ይገፈፋል፣ መንገዱም እንደ ወትሮው ባዶ ይሆናል።

ነገሩ የተበላሸው የሞርቪድን የመርከበኞች መዝገብ ቅጂ የላክህልኝ ቀን ነው። በየካቲት 1890፣ በእናንተው ኒውካስል ወደብ፣ ከግሪፊዝ ስም ፊት ለፊት “መርከቡን ጥሎ ጠፋ” ይላል። በአባቴ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የዚያው መርከብ ካፒቴን በዚያው ሳምንት ለቅድመ አያቴ ለካትሪን የጻፈላት ደብዳቤ አለ፤ “ባልሽ ወደቡ ላይ ሰጥሞ ሞቷል፣ አስከሬኑ አልተገኘም” ይላል። ካፒቴኑ የዚሁ መንደር ሰው፣ የካትሪን ጎረቤት ነበር። ከዳሽ ብሎ ከመጻፍ ሞተብሽ ብሎ መጻፍ ቀለለው መሰለኝ። የሰጠመ ሰው ሚስት መበለት ተብላ ትከበራለች፤ ጥሏት የጠፋ ሰው ሚስት ግን ምን ተብላ ትጠራለች? ከመዝገቡ ጋር የላክኸው የቅድመ አያትህ ፎቶግራፍ የቀረውን ጨረሰው። በረንዳ ላይ፣ በሰባት ልጆች ተከቦ የተቀመጠው ሽማግሌ ግንባሩ የአክስቴ የማርገድ ግንባር ነው።

የዋሸሁህ ለአክስቴ ብዬ ነው። ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው። እናታቸው ኤሊን የተወለደችው ግሪፊዝ ከሄደ ከአራት ወር በኋላ ነው፤ አባትና ልጅ አልተያዩም። አክስቴ ያደጉት አያታቸው ካትሪን እቅፍ ውስጥ ነው። ካትሪን ለባሏ በባዶ መሬት ላይ የመቃብር ድንጋይ አቆመች፣ ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላም እሷው እዚያ ተቀበረች። በየዓመቱ ሆሣዕና፣ እኛ የአበባ እሑድ በምንለው ቀን፣ መንደሩ በሙሉ ተንበርክኮ የዘመዶቹን ድንጋይ አጥቦ አበባ ያለብሳል። አክስቴ ያንን ድንጋይ ከሰባት ዓመታቸው ጀምረው አጥበዋል። እኔ ይህን ከእጃቸው መንጠቅ አቃተኝ፣ ስለዚህ አንተን ካድኩህ። አንተም “ግድ የለም ኔስታ፣ ዘመድ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር” ብለህ መለስክልኝ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን መክፈት አልቻልኩም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ለበዓሉ የዘቢብ ዳቦ ልንጋግር አክስቴ ቤት ሄድኩ። ዱቄቱን እየነፋሁ ሳለ፣

“ያ የአውስትራሊያው ሰውሽ ምነው ድምፁ ጠፋ? ተጣላችሁ?” አሉኝ።

“አልተጣላንም።”

“ታዲያ ሞተ?”

“ኧረ አልሞተም፣ አክስቴ።”

“ካልሞተ ይኼን ሁሉ ወር ማንን ነው የምታለቅሺው? አልቅሺ ብለው ቢያዝዙሽ እንኳ እንዲህ አትጠቁሪም። ተናገሪ፣ እኔ እንደሆንኩ ለነገ ቀጠሮ የምሰጥበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።”

ነገርኳቸው። መዝገቡን፣ የካፒቴኑን ደብዳቤ፣ ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ማጉያ መነጽራቸውን አምጥተው ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ስንት ልጆች ናቸው?”

“ሰባት።”

“ሰባት” አሉ። ከዚያ መነጽሩን አስቀመጡት። “የመርከብ ሸራ ሰፊው ኢፋን አያቴን ሦስት ጊዜ ለጋብቻ ጠይቋት ነበር፣ ታውቂያለሽ? ጥሩ ሰው ነበር። ለእናቴ የመጀመሪያ ጫማዋን ያመጣላት እሱ ነው። አያቴ ‘ባሌ ባሕር ውስጥ ተኝቶ እኔ ከሌላ ሰው ጋር አልተኛም’ አለችው። ሃምሳ አንድ ዓመት ጥቁር ለበሰች፣ ኔስታ። እሱ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።”

አለቀሱ። አክስቴ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

“ባልነግርዎት ይሻል ነበር” አልኩ።

“ዝም በይ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ደግሞስ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ? ዱቄቱን ነፍተሽ ጨርሺ።”

በማግስቱ ይቀራሉ ብዬ ነበር። ስደርስ ግን ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ባልዲና ብሩሽ ይዘው በራፉ ላይ ቆመዋል። ጉም ነበር። ጸሎት ቤቱ ግቢ ስንገባ ሰው አይታይም፤ የሚሰማው ድንጋይ የሚፈትግ ብሩሽና የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነው። በየመቃብሩ ሥር የተንበረከከ ጀርባ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ሕያዋኑን ከሙታኑ መለየት አቃተኝ፤ ሁሉም በሕልሜ የመጡ መሰሉኝ።

በድንጋያችን ላይ የግሪፊዝ ስም ከላይ፣ የካትሪን ከታች ነው። አክስቴ ለጉልበታቸው ይዘውት በመጡት ትራስ ላይ ተንበርክከው ከታች ጀመሩ። የካትሪንን ስም ፊደል በፊደል አጠቡት፣ ዕድሜዋን አጠቡት፣ የተጻፈላትን ጥቅስ አጠቡት። መሐል ላይ ሲደርሱ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣሉት። ከላይ ሻጋታውና የወፍ ኩሱ እንዳለ ቀረ።

ጎረቤታችን ኤልፊን ሲያልፍ አያቸው። “እማማ ማርገድ፣ ደከምዎት እንዴ? ላይኛውን እኔ ልጨርስልዎት?”

“አልደከመኝም። ተወው፣ እሱ የሚያጥቡት ሰዎች አሉት።”

ኤልፊን ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ። እኔም እንደሱው ግራ ገብቶኝ ነበር። አክስቴ በትከሻዬ ተደግፈው ተነሱና፣ “ለዚያ ልጅ ጻፊለት” አሉኝ። ስልሳ ስምንት ዓመት እንደሞላህ ብነግራቸውም ለእሳቸው ልጅ ነህ። “እኔ ድርሻዬን ሰማንያ ስድስት ዓመት አጥቤያለሁ። ከአሁን በኋላ አያቴን ብቻ ነው የማጥበው። ያኛውን ራሱ መጥቶ ይጠበው። ብሩሹንም ይዞ ይምጣ፣ የእኔን አላውስም።”

“ካልመጣስ?” አልኳቸው።

“የኛ ደም ከሆነ መርከብ ላይ መውጣት አያቅተውም። መመለሱን ነው የማላውቀው።”

እንግዲህ መልእክቱ ይኸው ደረሰህ። ስለዋሸሁህ ይቅር በለኝ፤ ይቅር ካላልከኝም ና። እስክትመጣ ድረስ ያንን ስም ማንም እንደማይነካው ቃሌን እሰጥሃለሁ። ለከርሞ አትበል፤ በእሳቸው ዕድሜ ከርሞ ሩቅ አገር ነው።

ይህን ስጽፍልህ ውጭ ዝናብ ጀምሯል። አክስቴ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ወደ ጸሎት ቤቱ እያዩ፣ “ቶሎ ና በይው፣ ዝናቡ ቀድሞ እንዳያጥበው” ይላሉ።

ዘመድህ፣
ኔስታ