የወጣው የትኛው ዕጢ ነው?

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ፀሐይ፣ ደሴ

«ዕጢው ወጥቷል፤ ልጅቷ ደኅና ናት፤ አታስቡ።»

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ልጄ ትንሣኤ እርስዎ ዘንድ ተቀምጣ ስትማር ሆዷን ታማ ቀዶ ሕክምና በተደረገላት ማግስት የጻፉልኝ ቃል ይህ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የጋሽ ፍቅሬ ስኳርስ? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል።

ትንሣኤን ከመስከረም ጀምሮ ቀኝ ጎኗን ያማታል። እዚህ ሐዋሳ ያየናት ሐኪም በቀኝ ኦቫሪዋ ላይ ትልቅ እባጭ አግኝቶ፣ ሰኞ ኅዳር 15 ኦቫሪውን ከነእባጩ ሊያወጣው ቀጥሯታል። የግራውን ግን በአልትራሳውንድ ቢፈልግ አላየውም። ከድሮው ጠባሳ ጀርባ ተደብቆ ይሁን ወይም ከናካቴው ወጥቶ ይሁን፣ አላወቀም። ያኔ ምን ነበር የወጣላት ብሎ ሲጠይቀኝ የእርስዎን ቃል ደገምኩለት። እሱም፣ አባቴ፣ በሽታ ሆኖ የሚያብጠውም ዕጢ ይባላል፣ ኦቫሪው ራሱም ዕጢ ነው፤ የትኛው ነው የወጣው? አለኝ።

ባለፈው በስልክ፣ ማህፀኗ ካልተነካ ምን ያስፈራል ብለውኛል። ያስፈራል እንጂ! የወር አበባን የሚያመላልሱት፣ ሰውነትን ለእርግዝና የሚያዘጋጁት ሆርሞኖች በዋናነት የሚመነጩት ከሁለቱ ኦቫሪዎች ነው። ማህፀን ተቀባይ ነው፤ አመንጪ አይደለም። አንዱ ቢወጣ ሌላው ይበቃል። ሁለቱም ከወጡ ግን እርስዎ በሃምሳ ዓመትዎ ያዩት ወበቅና ላብ ልጄን በሃያ ስድስት ዓመቷ ያገኛታል፤ ከራሷ እንቁላል መውለድም ይቀራል። ሐኪሙ፣ የግራው ከሌለ እዚህ አልነካትም፣ ቀኙን ሊያተርፍላት ወደሚችል ሰው አዲስ አበባ እልካታለሁ ብሏል። የልጄ ዕድል በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

በእርስዎ ብቻ አልፈርድም። ሃያ ሰባት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ሁለቱን ኦቫሪ በጠመኔ ስሥል ኖሬያለሁ፤ የሳቀ ተማሪ ካለ እቆጣ ነበር። በገዛ ልጄ ሲመጣ ግን አፈርኩና ግራ ነው ቀኝ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ትናንት በባጃጅ ስንመለስ ትንሣኤ፣ አባዬ፣ ሰሌዳ ላይ ሁሌም ሁለት ትሥል ነበር፤ የእኔን ግን አልቆጠርክም ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በስልክ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ስላሉኝ ስልኩ ይቅር። ያኔ ሆስፒታሉ ውስጥ የፈረሙላት እርስዎ ነዎትና መዝገቡን አይከለክሉዎትም። ይህን ደብዳቤ በቴሌግራም ተቀብሎ የሚያነብልዎ ልጅዎ ታምሩ ነው፤ እሱን ይዘው ነገ ጠዋት ይሂዱልኝ።

ሙሉ፣ ባለቤቴ፣ ጉልበትዎን ስማለች። ለጋሽ ፍቅሬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ታምሩን ሳሙልኝ። ትንሣኤም ናፍቃዎታለች፤ አክስቴን እንዳትቆጣብኝ ብላኛለች፤ አልሆነልኝም።

የወጣው እባጩ ብቻ ይሁን ኦቫሪው፣ የግራ ይሁን የቀኝ፣ ሐኪም ፈርሞበት ማኅተም ያረፈበት የጽሑፍ መልስ እስከ ዓርብ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ይድረሰኝ። «አታስቡ» የሚል ቃል እንዳይኖርበት።

ወንድምዎ ግዛቸው
ሐዋሳ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.